የሕያው ሰው መርዶ

ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ወንዛዬ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሞተ ስለተባለውና ስላልሞተው ሰው ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

የሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜን ነገር ከሥሩ ልተርክልዎ አልተነሣሁም፤ ባሕር ዳር ምን ተደረገ፣ አዲስ አበባስ ምን ሆነ የሚለውን መሥሪያ ቤትዎ ከእኔ አስቀድሞ ያውቃል። ጥያቄዬ ስለ አንድ ሰው ነው። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙን ጄኔራል ሰዓረ መኮንንንና ጡረተኛውን ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራን አዲስ አበባ ላይ ተኩሶ ገደለ የተባለው ጠባቂ በመጀመሪያ ተያዘ ተባልን። ከዚያ የፌደራል ፖሊስ ኮሚሽነር ራሱን አጥፍቷል አሉ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አልሞተም፣ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል የሚል መጣ። ኋላ ያው ሰው ችሎት ቆሞ ተከራከረ፤ ተፈረደበትም። ተይዞ፣ ሞቶ፣ ድኖ ለመገኘት ሦስት ቀን አልሞላበትም። በዚህ ፍጥነት ከሞት የተነሣ ሌላ ሰው አላውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ማን ምን አይቶ «ሞተ» እንዳለ እስከ ዛሬ እኛ ዘንድ የደረሰ ማብራሪያ የለም። ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። በመካከሉ ወደ አንድ ቢሮ፣ ስሙን አላነሣውም፣ ሄጄ ብጠይቅ «ለመሆኑ የሟች ቤተሰብ ነህ?» ተባልሁ። የትኛው ሟች?

ያን ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ በዛሬው ስሙ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ስሙ ይቀያየራል፣ ወንበሩም እንደዚያው፤ አፉ ግን የመንግሥት አፍ ነው፤ ስለዚህ ወደ እርስዎ ጻፍሁ።

በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ከሩቅ ሲሞትብን ወሬው በደረሰ ጊዜ ማንም ዘሎ አይናገርም። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ያጣራሉ፤ ማን አየው፣ ማን ቀበረው ይላሉ። ዘመድ ይሰበሰባል። ንጋት ላይ፣ ባለቤቱ በሬውን ሳይጠምድ፣ ይሄዱና ይነግሩታል። መርዶ ነጋሪ ሆኖ የሚላከው ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው። የሕያው ሰው መርዶ የተናገረ ሁለተኛ አይላክም፤ ሠርግ ላይ እንኳ ሲናገር ሰው ዞር ብሎ ጎረቤቱን «እውነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተን በዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጥናችሁ፣ ወይም የተቀመጣችሁበት፣ የአገር መርዶ ነጋሪ ልትሆኑ ነው።

እኔ ወረታ ላይ የሩዝ ወፍጮ አለኝ። የማን ሩዝ ስንት ኪሎ እንደተፈለፈለ፣ ማን ዱቤ እንዳለበት በእርሳስ የምጽፍበት ደብተር አለ፤ በእርሳስ የሆነው ዕዳው ሲከፈል እንዲፋቅ ነው። ያን ቅዳሜ ማታ ከባሕር ዳር የመጣ የሚኒባስ ረዳት «ተኩስ አለ» ብሎን ሲያልፍ፣ እጄ ላይ የነበረው ይኸው ደብተር ነበርና ከጀርባው በኩል ጻፍሁት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ። ሦስት መስመር አሰመርሁለት፦ ማን አለ፣ ከማን ሰማ፣ ሆነ ወይስ አልሆነ።

ደብተሩ ዛሬም አለ። የጉማራ ድልድይ ተዘግቷል፦ አልሆነም። ጎንደር መንገድ ላይ ውጊያ አለ፦ አልሆነም። ወፍጮ ቤቶች ሊታሸጉ ነው፦ ይኼንን ያመጣው ተፎካካሪዬ ሳይሆን አይቀርም። በሹፌርና በረዳት፣ በጠላ ቤትና በቤተ ክርስቲያን አጸድ የመጣውን ሁሉ ቀኑ ሲያልፍ ሦስተኛውን መስመር ሞላሁለት። የመንግሥትን ወሬ ግን መሙላት አቃተኝ። ስለ ጠባቂው «ተያዘ» የሚለው ጎን «ሆነ» ብዬ ጻፍሁ። ራሱን አጠፋ ሲባል ፍቄ እንደገና ጻፍሁ። አልሞተም ሲባል ፋቅሁት። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ከኋላ ያለው የሩዝ ሒሳብ ይታያል። በመላው ደብተር እንዲህ የሳሳ ሌላ ቦታ የለም።

በዚያው ቅዳሜ ባሕር ዳር የተገደሉት የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን የታች ጋይንት ሰው ናቸው፤ የእኛው ዞን ልጅ። የደብረ ታቦር መንገድ የጎንደሩን የሚያገኘው ወረታ ላይ ስለሆነ፣ ለቀብር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው የጋይንት ሰው በእኛ በኩል አለፈ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ወፍጮዬ ደጅ ውሃ ለመጠጣት ቆሙ። አንዷ እናት ለቅሶ ልብስ ለብሳ፣ ለቅሶ እየሄደች፣ እኔን «ወንድሜ፣ እውን ሞቷል?» አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ከተናገረ ቀናት አልፈዋል። ግን ያው ቴሌቪዥን ሞተ ያለው ሌላ ሰው አልጋ ላይ መገኘቱን እሷም ሰምታ ኖሯል። አለመሞታቸውን ተስፋ አደረገች። የእናንተ ስሕተት ያቺን ሴት ሁለት ጊዜ አስለቀሳት።

ኢንተርኔቱ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ አሥር ቀን ገደማ ፈጅቷል። በዚያው ወር በፈተና ሰሞንም ተቋርጦ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ሐምሌ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም አሉ። ውሃ አይደለም፤ ግን ቧንቧ የተዘጋበት ሰው ኩሬ ይጠጣል። ኩሬው ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሰኔ ሩዝ የሚዘራበት ወር ነውና ከየአገሩ የቀን ሠራተኛ ይመጣል። ሰኞ ዕለት አንድ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ተከበበ። ጥፋቱ አነጋገሩ ነበር፤ ቃሉን የሚጥልበት መንገድ የእኛ አልመሰላቸውም። «መረጃ አለን» አሉ የከበቡት። ከማን? ከአንዱ ሚኒባስ። ጠላ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ሰውን በክርኗ እየገፋች ገብታ «የእኔ ልጅ ነው፣ ምን ትሆኑ!» ብላ እጁን ይዛ ወሰደችው። ልጇ አልነበረም። በደብተሬ ውስጥ «አልሆነም» ልል ያልቻልሁት አንድ ውሸት የእሷ ነው።

እኛም ንጹሐን አይደለንም፤ ይህን ለእርስዎ ሳይሆን ለአንባቢ እላለሁ። የሳተላይቱን ጣቢያ ስንገለብጥ አንዱ ጀግና ያለውን ሌላው ከሐዲ ይለዋል፤ ከውጭ አገር የሚያሰራጨውም ከአገር ውስጡ አይሻልም፤ እኛ ደግሞ ልባችን ያለውን የሚያረጋግጥልንን ጣቢያ መርጠን እንተኛለን። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያለው ሽማግሌ በዚያ ሰሞን ዳኛችን ነበር። የዶይቸ ቬለና የቪኦኤ የምሽት ስርጭት እስኪጀምር ደጁ ላይ እንቀመጥ ነበር። ቪኦኤም በመጋቢት 2017 በዋሽንግተን ውሳኔ ዝም አለ። የእኛን ሞት እንዲያጣራልን ዓይናችንን ወደ ሰው አገር ማንሣታችን ራሱ ሊያሳፍርዎ ይገባ ነበር፣ ክቡር ሚኒስትር።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ከጥቃቱ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። በዚህ አዋጅ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። መልካም። ይህን ያህል ተከታይ ያለው አንድ የወረታ ጎረምሳ በስልኩ «እገሌ ሞተ» ብሎ ቢጽፍና እገሌ ባይሞት ይህ ሊደርስበት ይችላል። በቴሌቪዥን ቆሞ ለመላው አገር የተናገረ ባለሥልጣንስ? ስንት ተከታይ እንዳለው ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ይታሰር አላልሁም። ከጥቃቱ በኋላ ግን የታሰሩት ጋዜጠኞች ነበሩ፣ ያውም በሽብር አዋጁ።

ስሕተት በግርግር መካከል እንደሚፈጠር አላጣሁትም። ከእኛ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በዚያው የፈረንጆች 2019 በፋሲካ ዕለት ስሪላንካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኖችና ሆቴሎች በቦምብ ተመቱ። የሟቾቹ ቁጥር 359 ደርሷል ተብሎ ነበር። ከዚያ ጤና ሚኒስቴሩ 253 ገደማ ናቸው፣ አስከሬኖቹ ክፉኛ ስለተጎዱ ነው የተሳሳትነው ብሎ ተናገረ። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ከሟች መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ ሲፋቅ ምክንያቱም አብሮ ተነገረ። እነሱም ማኅበራዊ ሚዲያ ዘግተው ነበር፤ ቅዱሳን አላደረግኋቸውም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው መጀመሪያ ይህን ነው፦ በሰኔ 2011 ያ ጠባቂ ራሱን አጥፍቷል የተባለው በማን ማረጋገጫ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን። የመረጃ ነጻነት አዋጁ፣ 590/2000፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት 30 ቀን ይሰጣል፤ ከዛሬ ጀምሬ እቆጥራለሁ።

ብዕር ከያዝሁ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ልነሣ አልችልም። ሰው በሞተ ጊዜ የምትሰጡት መግለጫ ላይ ያጣራው ባለሙያ ኃላፊነቱ ይጻፍበት፤ ያልተጣራው «አልተጣራም» ይባል፤ ይህን ማለት አያስነውርም። የተሳሳታችሁት በተናገራችሁበት ሰዓትና ጣቢያ ይታረም እንጂ ሌሊት ሰው ሲተኛ አይሹለክ። ከእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሰው ስልኩን አንሥቶ ለመናኸሪያውና ለወፍጮ ቤቱ እውነቱን የመናገር ሥልጣን ይኑረው፤ አዲስ አበባ እስኪፈቅድ ልጅ ይገደላል። ኢንተርኔት የሚዘጋው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ በዚያኑ ዕለት ይታወጅ፤ በ2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ለወራት ጨለማ ውስጥ የተቀመጥነው የአማራ ክልል ሰዎች ይህን ስንጠይቅ አዲስ አይደለንም። ጋዜጠኛ ስለዘገበ አይታሰር። በግብራችን የሚተዳደረው ቴሌቪዥን የመንግሥትን ስሕተት ሲያገኝ እንዲናገር ይፈቀድለት። ከቻላችሁ ደግሞ ያ የቀን ሠራተኛ ዛሬ የት እንዳለ ፈልጉልኝ፤ እኔ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ደብተሩን መሥሪያ ቤትዎ ሊያየው ቢፈልግ ይዤ እመጣለሁ። የፋቅሁትን ቦታ ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እርሳሱን እርስዎ ይዘው ይምጡ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፎገራ ሩዝ ፈልፋይ

ግልባጭ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ወረታ መገንጠያ ላይ መኪና ለሚጠብቁ ሁሉ