ገንፎ የአራስ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ቦንጋ ላይ ክረምት ሲገባ ጃንጥላ እናወጣለን፤ ቁርሳችን ግን ያው ነው። ካፋ ውስጥ ከዓመቱ አብዛኛውን ይዘንባል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ልጆቻችን ዳቦ በሻይ ቀማምሰው በዚያ ጭቃ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ገንፎ የምናየው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት አራስ ቤት ስንገባ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም።

አዲዮ ደጋው ላይ ገብስ አለ። ተፈትጎ፣ ሳይጠቁር ታምሶ የተፈጨ ዱቄት ያለበት ቤት ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የቀረው የክንድ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ገንፎ የሚበላሸው ቅቤ ሲያንሰው ይመስለዋል፤ የሚበላሸው ግን ማማሰያው ቶሎ ሲቀመጥ ነው። ውኃው ሲንተከተክ ጥቂት ቀንሶ ማስቀመጥ፣ ዱቄቱን እየነሰነሱ ማማሰል፣ የጓጎለውን ከድስቱ ጎን ጋር እያሹ መፍታት። ከዚያ የተቀነሰውን ፍል ውኃ መልሶ፣ ከድኖ በለስላሳ እሳት ማቆየት፣ እንደገና ማማሰል። የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፍቶ፣ በእርጥብ ጣት ሲነኩት ካልተጣበቀ በስሏል።

ሾርባ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ገንፎ ጥቅጥቅ ስላለ ይዞት ይቆያል። ከዳር የሚጀመረውም ለዚህ ነው። ቸኩሎ ወደ መሐል የገባ ልጅ ጣቱ ይቃጠላል፤ ጉድጓዱን ደርምሶ ቅቤውን ካፈሰሰ ደግሞ ቁጣው ለብቻው ነው። ገብሱ ላይ ጥቂት ባቄላ ቢፈጭበት በፕሮቲን በኩል አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የካፋ ጫካ ስሙ የሚነሳው በቡና ነው፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ኮረሪማ እኛው ራሳችን እንረሳዋለን። ፍሬውን ከቅርፊቱ አውጥቶ፣ ወዲያው ወቅጦ ከበርበሬ ጋር ቅቤው ላይ መጣል ነው። ቆይቶ የተወቀጠ ኮረሪማ ሽታው የለም።

«ቅቤ በየት በኩል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቅቤ ተወዷል። ፍልሰታም ነሐሴ 1 ቀን፣ ዝናቡ ሳያባራ ይገባል፤ ያኔ ብዙ ጾመኛ ገንፎን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ምን በወጣው! ታምሶ የተፈጨ ተልባ በበርበሬ ተበጥብጦ ያን ጉድጓድ ይሞላዋል። ገብስ ያጣ በቆሎ አለው፤ እንሰት ያለው ቡላ አለው፤ ቡላ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ግን ፍስክ ሲሆን ወተት አይለየው።

አሁን ነገሬ ከቁርስ ቤቶች ጋር ነው። አዲስ አበባ ላይ ገንፎ ከጨጨብሳ እኩል ይታዘዛል። ቦንጋ ላይ የምትሸጡ በርቱ፤ የማትሸጡ በዚህ ክረምት ማለዳ ማለዳ አንድ ድስት ገንፉ፣ ለተማሪም በግማሽ ሳህን በግማሽ ዋጋ ስጡት። ገዢ ከጠፋ እኔ አለሁ።