የወለተ ጴጥሮስ ዐለት

ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአንበሳሜ፥ ከዚያም ወዲያ እስከ ጣና ዳር ባለው በደራ አገር ሁሉ፥ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነገር ሲነሣ የሚነገረው ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ነው። ፈረንጆች መጡ፤ ንጉሡን አሳቱ፤ የአገሩ ሰው ግን በአገሩ ሃይማኖት ጸና፤ ፈረንጆቹም ተባረሩ ይባላል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን እንዲህ ብቻ ሆኖ ሲነገር የክርስትና መሠረቱ አገርና ወገን ሆኖ ይቀራል፤ ክርስቶስም ከአገር ልብስና ከአገር ምግብ ጋራ የሚቈጠር አንድ የአገር ዕቃ ይሆናል። ይህ አሳብ ምን ያህል የተሳሳተ መሆኑን የምትመሰክረው ደግሞ ሌላ ሳትሆን ራሷ የዚያው አገር እመቤት፥ ገዳሟ በደራ በቆራጣ ያለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከታላላቅ ሰዎች ወገን ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቆች አንዱ ነበረ። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡት ጋራ ሆነው በጦርነት ተገደሉ። የጳጳሱም ልብስ በባሏ እጅ መገኘቱን በሰማች ጊዜ ከዚህ ሰው ጋራ በአንድ ቤት መኖር አልቻለችም፤ ትዳሯን፥ ሀብቷንና ክብሯን ትታ መነኰሰች። ልጆቿን አስቀድማ በሞት አጥታ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከት። አቡነ ስምዖን ማን ነበሩ? ግብፃዊ ነበሩ። አፋቸውን በአማርኛ አልፈቱም፤ በአገሩ አልተወለዱም። መልክአ ክርስቶስ ግን የአገር ልጅ ነበረ፤ ንጉሡም የአገር ንጉሥ ነበረ። ወለተ ጴጥሮስ የአገሯን ሰው፥ ያውም ባሏን ትታ የተነሣችው ስለ አንድ የባዕድ አገር ሰው ደም ነው። የሃይማኖቷ መሠረት ወገን ቢሆን ኖሮ በየትኛው ሚዛን እንዲህ ታደርግ ነበር?

ደግሞስ ሃይማኖቱን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ማን ነው? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ነው። ተስዓቱ ቅዱሳን ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ሐዋርያቱ ሁሉ ገሊላውያንና አይሁድ ናቸው። ባዕድነት ሃይማኖትን የሚያረክስ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ አንድ ቀን እንኳ ክርስቲያን ባልሆነች ነበር። አባ ጴድሮስ ፓኤዝም ቢሆን የሚነቀፈው በፈረንጅነቱ አይደለም፤ ግእዝንና አማርኛን ተምሮ የተናገረ፥ በጎርጎራም ያነጸ፥ ሥራ የማይፈራ ሰው ነበረና። የወለተ ጴጥሮስ ገድል በ1664 ዓ.ም. ገደማ ገላውዴዎስ በተባለ መነኵሴ ተጽፏል። በዚያ መጽሐፍ የፈረንጆች ሃይማኖት ሲወገዝ የውግዘቱ ምክንያት የቆዳ መልክ አይደለም፤ ከተዋሕዶ በኋላ ክርስቶስን ሁለት ባሕርይ ማለት ነው። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ነበረ። ዛሬ ስለ አገር ብቻ አድርገው የሚያወሩት ያከበሯት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የቆመችበትን ዐለት ከእግሯ ሥር ያወጡባታል።

ስለ ዐለት ከተነሣ ዘንድ፥ የዚህች እናት ስም ራሱ የሚያስገርም ነው። ወለተ ጴጥሮስ ማለት የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። የሮም መምህራን ይዘውት የመጡት ትልቁ ማስረጃ ደግሞ ይኸው ጴጥሮስ ነበረ። በማቴዎስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ ጌታ ለጴጥሮስ ስለ ዐለቱ የተናገረውን አንሥተው፥ ዐለቱ ጴጥሮስና በሮም መንበር የሚተኩት ስለሆኑ ለሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ያልተገዛ ሁሉ ከመሠረቱ ውጭ ነው አሉ። ዐፄ ሱስንዮስም በ1614 ዓ.ም. ይህን ሃይማኖት ተቀበለ፤ በ1618 ዓ.ም. ደግሞ በፓትርያርኩ በአልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መገዛቱን በመሐላ በግልጥ አጸና።

ነገር ግን ያን ምዕራፍ ጥቂት ወደ ፊት ላነበበ ሰው ክርክሩ አይጸናም። ጴጥሮስ ጌታን የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ብሎ ስለ መሰከረ ተመሰገነ፤ ገጹ ሳይገለበጥ ግን ያው ጴጥሮስ ጌታን ከመስቀል ሊከለክለው በፈለገ ጊዜ ሰይጣን ተብሎ ወደ ኋላ እንዲሄድ ታዘዘ። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው አሳቡ ነው። እንግዲህ ዐለቱ ሰውየው ከሆነ፥ ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት ውስጥ ልትፈርስ ነበር? ስለዚህ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ዐለቱ ጴጥሮስ የመሰከረው የእምነት ቃል ነው ብሎ አስተማረ። የምዕራብ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት አውግስጢኖስ እንኳ በሸመገለ ጊዜ የጻፈውን ሁሉ መልሶ ሲመረምር፥ ዐለቱ ጴጥሮስ ነው የሚለውንና ዐለቱ ክርስቶስ ነው የሚለውን ሁለቱንም ፍች አስቀምጦ ምርጫውን ለአንባቢ ተወ። ጴጥሮስም ራሱ በመጀመሪያው መልእክቱ ሕያው ድንጋይ ብሎ የጠራው ጌታን ነው እንጂ ራሱን አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከተመሠረተው ከኢየሱስ ክርስቶስ በቀር ሌላ መሠረት ሊያኖር የሚችል እንደሌለ አስታውቋል። የጴጥሮስ ልጅ የተባለችው ሴት ጴጥሮስን አልካደችም፤ ጴጥሮስ የመሰከረውን ይዛ በስሙ የመጡትን ተቃወመች።

የተቃወመችውም በጦር አይደለም። መነኰሳትና ካህናት በቅዳሴ ጊዜ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ አስተማረች። ይህ ነገር ለዛሬ አንባቢ ትንሽ ሊመስለው ይችላል፤ በዚያ ዘመን ግን ከዐመፅ የሚቈጠር ነበረ። ስለዚህ ተያዘች፤ ለፍርድ ቀረበች፤ የፈረንጆቹ መምህራን መጽሐፋቸውን ይዘው ሊያሳምኗት ደከሙ፤ እንቢ ባለች ጊዜ ዠበይ ወደሚባል በረሓ ተሰድዳ ሦስት ዓመት ታሰረች። ዘመዶቿ የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ቃል ብትናገር ሁሉን ታገኝ ነበር። ንጉሥ፥ ባል፥ ዘመድ፥ ሀብት፥ እነዚህ ሁሉ በወዲያኛው ወገን ነበሩ። በዚህኛው ወገን የቀረው ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ዐፄ ሱስንዮስ የበደለው የሮምን ሃይማኖት በመቀበሉ ብቻ ነውን? ሰው ያመነበትን መቀበሉ በራሱና በአምላኩ መካከል ነው። ትልቁ በደል ሃይማኖትን በዐዋጅ ማቆሙ ነው። ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት እንዲቀር አዘዘ፤ የንጉሡም ሰይፍ ትእዛዙን ተከትሎ ሄደ። ፍጻሜው በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ታየ። በዚያ ጦርነት ንጉሡ ድል አደረገ፤ ወደ 8,000 የሚሆን ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ የወደቁትም የራሱ ክርስቲያን ሕዝብ ነበሩ። ድል ያደረገው ንጉሥ በዚያው ወር እያንዳንዱ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ብሎ ዐወጀ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በሰይፍ የተሠራው ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት አልሞላውም።

የአገር ታሪክ አዋቂዎች ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት ይወዳሉ። ዝም ማለት አይገባም። ዐዋጅ በሱስንዮስ እጅ አሸዋ ከሆነ በሌላው እጅ ዐለት አይሆንም። ፋሲለደስ የቀናውን ሃይማኖት መለሰ፤ ይህ መልካም ነው፤ ግን ፈረንጆቹ ከወጡ በኋላ ሰላም ሆነን? ገና የሮማውያን ነገር ሳይረሳ ቅባትና ተዋሕዶ፥ ኋላም ጸጋ፥ እየተባባሉ ጎጃምና ጎንደር፥ ሸዋም ጭምር ተከፋፈሉ። ሁሉም ሮምን የሚጠሉ ነበሩ። ጥላቻው አንድ ሲያደርጋቸው አልታየም፤ ምክንያቱም ሌላውን መጥላት ክርስቶስን ማወቅ አይደለም። ጉዳዩ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ተቈረጠ። በዚያ የጸናው ትምህርት እውነተኛ ትምህርት ነው፤ እውነተኛ የሆነው ግን ንጉሥ ስለ ፈረደለት አይደለም፤ ሳይፈረድለትም እውነተኛ ነበረና። ከዚያው ጉባኤ ጋራ የወሎ እስላሞች ይጠመቁ የተባለው ዐዋጅ ምን እንዳፈራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም እየሆነ የኖረው ብዙ ነው። ያን ሰው በግብዝነት መውቀስ ይቀላል። ወቀሳው የሚገባው ግን የጥምቀትን ውሃ ከጦር ጋራ ለላከው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ፥ የላስታና የበጌምድር ገበሬ የሞተው ስለ አንድ ባሕርይና ስለ ሁለት ባሕርይ ዐውቆ ነውን? የሞተው ስለ ጾሙ፥ ስለ ሰንበቱ፥ ስለ ታቦቱ አይደለምን? ሊል ይችላል። ጥያቄው ብርቱ ነው፤ ቸል ሊባልም አይገባውም። ገበሬው ቄርሎስን አላነበበም፤ ሃይማኖተ አበውንም አልቈጠረም። ሆኖም ጾምና ሰንበት፥ ማኅሌትና ታቦት በዚያ መሠረት ላይ የቆሙ ግድግዳዎች ናቸው፤ ግድግዳው ሲናጋ በቤቱ ያለ ሁሉ ይሰማዋል፤ መሠረቱን ያላየውም ጭምር። በዚህ ገበሬው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ግድግዳው ራሱ መሠረት ነው ብሎ ያስተማረው፥ ወይም ሳያስተምረው የቀረ መምህር ነው።

ይህም በሱስንዮስ ዘመን ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ዛሬ በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች በአንገቱ ማተብ ያሰረ፥ ዓርብና ረቡዕን የሚጾም፥ በበዓል ቀን ነጠላውን ለብሶ የሚሳለም ብዙ ሰው አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ይህን ሰው፥ ክርስቶስን ማን ትለዋለህ? ብሎ የሚጠይቀው ቢመጣ፥ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው፥ የአባቶቼ ሃይማኖት ነው፥ የሚል ነው። ይህ መልስ ለጥያቄው መልስ አይደለም። ጌታ በፊልጶስ ቂሳርያ ደቀ መዛሙርቱን የጠየቃቸው አባቶቻችሁ ምን ይሉ ነበር ብሎ አይደለም፤ ሰዎች የሚሉትን ከሰማ በኋላ እናንተስ አለ። ማተቡን ያሰረለት አባቱ ነው፤ ምስክርነቱን ግን አባቱ ሊመሰክርለት አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ የባሰ፥ ሃይማኖቱን በሕልም አየሁ ባይ ሰው ወሬ፥ በጠበል ዳር በሚሰማ ተአምር፥ በደብሩ ጥንታዊነት ያቆመዋል። ተአምር ለሚያምን ሰው ጸጋ ነው፤ የብራና መጽሐፍና የጥንት ደብርም ክብር ነው። ግን ተአምሩ ያልተደረገለት ቀን፥ ደብሩም በእሳት የተቃጠለ ቀን፥ ይህ ሰው በምን ላይ ሊቆም ነው?

ካህናትም ከዚህ ወቀሳ አይወጡም። ዜማውንና ቅኔውን የሚያደክም ጉባኤ አለ፤ አንድምታውን ከአፍ እስከ ገደፉ የሚያስኬድ መምህር በየደብሩ ባይሆንም ይገኛል። ነገር ግን የአንበሳሜ ነጋዴ ልጅ፥ ዕቃውን አውርዶ፥ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፥ የኒቅያ አባቶች ወልድን ከአብ ጋራ የተካከለ ነው ያሉት ለምን እንደ ሆነ በሚገባው አማርኛ የሚነግረው ስንት ጊዜ ነው? ዝክሩ ታወጀ፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ ተነገረ፤ ሕዝቡም ተባርኮ ሄደ። ልጁ በሌላ ሳምንት ሌላ ሰባኪ መንገድ ላይ አግኝቶት በመጽሐፍ ሲጠይቀው አፉ ቢዘጋ፥ ወይም ቢከተለው፥ ተሐድሶ ነው፥ መናፍቅ ነው ብሎ ከመጮህ በፊት ያስተማረው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል።

ወለተ ጴጥሮስ ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በጣና ዙሪያ ማኅበራት አቋቋመች። ሮማውያን ተባርረው ነበረና፥ ከእንግዲህ ጠላት የለም ብላ ወደ ቀድሞ ቤቷ ልትመለስ በቻለች ነበር። እርሷ ግን መነኰሳቱንና መነኰሳይያቱን በሥርዐት ስታኖር፥ የሚበሉትንና የሚሠሩትን ስትከፍል፥ የታመሙትን ስትጠብቅ ኖረች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ማኅበሩንም ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ያዘች። በየዓመቱ በኅዳር 17 ወደ ቆራጣ የሚወርደው የደራ ሰው ያችን ሴት ሊያከብር ነው የሚሄደው፤ በቅዳሴውም መካከል ዲያቆኑና ሕዝቡ ጸሎተ ሃይማኖቱን በአንድ ድምፅ ያደርሳሉ።