ከለገሃር እልፍ በሉ፦ የባቡር ጣቢያ ታሪክ ለምትሰንዱ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የታሪክ አጥኚዎች፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ምድር ባቡር የምትጽፉና የምታስጽፉ ሁሉ፤

ይህን የምጽፍላችሁ ሐዲድ ካልደረሰበት ከተማ፣ ከአርባ ምንጭ ነው። «ባቡር በሌለበት ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታሪክ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሲዘጋጁ አርአያ የሚያደርጉት እናንተ የጻፋችሁትን ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

የምታቀርቡልን ሰነድ አካሄድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ በ1922 የለገሃር ሕንፃ ተመረቀ። ከዚያ ጽሑፉ ዘልሎ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ላይ ያርፋል። አይሻ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ መተሃራ፣ ወለንጪቲ በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው በአንድ መስመር ይታለፋሉ። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ይመስላል።

ያንን መንገድ ያስኬዱት ግን መሐል ያሉት ጣቢያዎች ናቸው። ሐዲዱ ነጠላ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወርደውና ከድሬዳዋ የሚወጣው ባቡር መተላለፍ የሚችሉት የጎን ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው፤ አንዱ ወደ ጎን ገብቶ ሲቆም ሌላው ያልፋል። የጣቢያው ሹም መስመሩ ነፃ መሆኑን ከቀጣዩ ጣቢያ ሳያረጋግጥ ባቡር መልቀቅ የለበትም። በእንፋሎት ዘመን ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ባቡር በበረሃ የሚያልፈው ውኃ በሚሞላበት ጣቢያ እየቆመ ነው። የናፍጣ ባቡር ሲመጣ ይህ ሥራ ቀረ፤ አብረውት የኖሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ግን አልጻፋችሁልንም። ጣቢያ የቆመበትን ምክንያት ሳይጠይቁ የሕንፃውን ፎቶ አንስቶ ከሥሩ «ጥንታዊ ጣቢያ» ብሎ መጻፍ የታሪክ ሥራ አይባልም።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ የሆኑ አንድ አባት አጫውተውኛል። ከዚያ በፊት መጠይቅ የያዙ ወጣቶች መጥተው «ጣቢያው መቼ ተሠራ?» ብለዋቸው ነበር። «እኔ አልነበርኩም፣ አላውቅም» አሏቸው። ወጣቶቹ አመስግነው፣ ደብተራቸውን አጥፈው ሄዱ። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነበር። የዕቃ ባቡር ወደ ጎን ሐዲድ በሚገባበት ሌሊት ፋኖስ ይዘው የሐዲድ ማስቀየሪያው ድረስ ይሄዳሉ፤ ብረቱን በሁለት እጅ ገፍተው፣ የሚንቀሳቀሰው ሐዲድ ከቋሚው ጋር መግጠሙን በጣታቸው ዳብሰው ካላረጋገጡ ምልክት አይሰጡም። ጠጠር ገብቶ ክፍተት ቢተው ባቡሩ ይወድቃል። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም። የግንባታው ዓመት ከመዝገብ ቤት ይገኛል፤ የጣታቸው ዕውቀት ግን የትም አልተመዘገበም።

በእኛ በጋሞ ሽማግሌ ዱቡሻ በምንለው የመሰብሰቢያ አደባባይ ላይ ሲናገር ንግግሩን እስኪጨርስ ይደመጣል፤ ጉዳዩን የት እንደሚጀምር የሚመርጠውም እሱ ነው። ከባቡር ሠራተኞች ጋር የምትቀመጡት እንደዚያ ቢሆን ደስ ይለኛል። መጠይቃችሁን ለመጨረሻ አቆዩት።

ዘመን አቆጣጠሩም ያስጨንቀኛል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1902። አንዱ ከፈረንሳይኛ ወይም ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ 1902ን ይወስድና «ዓ.ም.» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ከእሱ ይገለብጣል። ስሕተቱ የቁጥር ብቻ ሆኖ አይቀርም። በእኛ 1902 ምኒልክ በሕመም ከሥራ ርቀዋል፤ የመጀመሪያው የባቡር ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቷል፤ ድሬዳዋም በእግሯ የቆመች ከተማ ሆናለች። ሰባት ዓመት ሲጠፋ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ለምን እንደተገታ አብሮ ይጠፋል። የገንዘቡ ችግርና የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የጣሊያን ሽኩቻ ከታሪኩ ይወጣል። የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ ጻፉ።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰውን አደጋ ደግሞ አስቡት። ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት ነው። በጽሑፎቻችሁ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሕይወት የተረፈ፣ አስከሬን ያነሳ፣ ቤተሰብ የጠበቀ ሰው ቃል የለም።

ወደ እኛ ልመለስ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ አድርጎ ወደ ኮንሶና ወይጦ የሚዘልቅ የባቡር መስመር ታቅዶ ነበር። እኛ ጋ አልደረሰም። የላንቴ ሙዝ ዛሬም በጭነት መኪና ነው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው። «ያልተሠራ ጣቢያ ታሪክ የለውም» ብላችሁ ይሆናል ያለፋችሁት። እኔ ግን አለው እላለሁ። መስመሩ በዚህ እንዲያልፍ ማን አጠና? አርሶ አደሩና ነጋዴው ምን ተስፋ አደረገ? ዕቅዱን ያዘጋጁት መሐንዲሶች ገና በሥራ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ቢጠየቁ ይመልሳሉ። እነሱም ጡረታ እስኪወጡና እስኪበተኑ ከጠበቅን ተማሪዎቼ ለዚህም ርዕስ ምንጭ ያጣሉ።

አሮጌው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለስ ካቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመጨረሻ የተቀጠሩት ሠራተኞች እንኳ ሸምግለዋል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ለዚህ ክረምት ነው። ተማሪዎቻችሁን መቅረጫ አስይዛችሁ ወደ አፍደም፣ ወደ ሚኤሶ፣ ወደ አዋሽ ላኩ። የጎን ሐዲዱ የት እንደነበር፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ባቡር ሲዘገይ ተሳፋሪው የት እንደሚያድር በሠራተኛው ቃል ይቀዳ። የተቀዳው ድምፅ አንድ ቅጂ ቃሉ በተሰጠበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ አንዱን ወደ አርባ ምንጭ ላኩልን። የተማሪዎቼን የጉዞ ዝግጅት እኔ ጀምሬያለሁ፤ አብሮ ለመውጣት ፈቃደኛ የሆነ የትምህርት ክፍል ካለ ከሰኔ በፊት ያሳውቀኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የታሪክ መምህር፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ