መኪናው የሌላ፣ ዕዳው የነጋዴው
የሽያጭ ሠራተኛውን በገዛ መኪናው ወይም በኪራይ ፒክአፕ ከመርካቶ ቃሊቲ የሚልክ ነጋዴ «መኪናው የእኔ አይደለም» ብሎ ይጽናናል። ሕጉ ግን በዚህ አያልፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪውን ባለቤት ሲጠይቅ፣ አንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ በሕግ ለሚጠየቅበት ጉዳት አሠሪውንም ተጠያቂ ያደርጋል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የካሳ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የሚተርፈው ዕዳ ወደ ነጋዴው ካዝና ይዞራል። ለቤት አገልግሎት ብቻ ሙሉ መድን የተገባለት መኪና ሸቀጥ ሲያመላልስ ቢጋጭ ደግሞ መድን ሰጪው «ውሉ ተጥሷል» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ነጋዴው ሠራተኛውን ከማሰማራቱ በፊት የመኪናውን የመድን ውል ይመርምር፤ የአሠሪነት ኃላፊነቱን የሚሸፍን ውልም በጽሑፍ ይጠይቅ። መድን ድርጅቶችም ሽፋኑን ለገበያ ሊያቀርቡ ይገባል። ዓረቦን የቆጠበ በአንድ ግጭት ሱቁን ሊያስረክብ ይችላል።