ነጥብ የሚሸመተው በገዛ ሜዳ ነው

ከአፋር ቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የሚወጣው አርብቶ አደር ከወሎ ደጋ እህሉን ጭኖ ከሚወርደው ገበሬ ጋር ሰኞ ሰኞ ባቲ ላይ ይገናኛል። የባቲ ነጋዴ ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከብቱን ይዞ ወደማያውቀው ሩቅ ገበያ የሚሄድ ሰው የመኖ፣ የእረኛና የማደሪያ ወጪ ይከተለዋል። ደላላውን አያውቀውም፤ ግመሉም ከስቶ ይደርሳል። ገዢው ደግሞ ባለከብቱ ይዞት እንደማይመለስ ስለሚገባው ዋጋ ይሰብራል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የገጠመውም ይኸው ነው።

የማጣሪያው ሒሳብ ውስብስብ አይደለም። አራት አገሮች በአንድ ምድብ ይደለደላሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ጨዋታ በሜዳቸው፣ ሦስት ደግሞ በተጋጣሚ ሜዳ ያደርጋሉ። ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። በአብዛኛው ከየምድቡ ሁለቱ ያልፋሉ። እንግዲህ የሁለት ማጣሪያዎችን መዝገብ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላስተናገደችው ዋንጫ ኢትዮጵያ ከኮትዲቯር፣ ከማዳጋስካርና ከኒጀር ጋር ተደለደለች። ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0፣ አዲስ አበባ ላይ ኒጀርን 3 ለ 0 ረታች። ከሜዳዋ ውጭ ግን በሦስቱም ተሸነፈች። በሜዳዋ ከ9 ነጥብ 9፣ ከሜዳዋ ውጭ ከ9 ነጥብ 0 መሆኑ ነው። ማዳጋስካር በ8 ነጥብ ስትቀር ኢትዮጵያ በአንድ ነጥብ ብልጫ አለፈች።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ብሎ አገደ። በቀጣዩ ማጣሪያ ቡድኑ «ባለሜዳ» የሆነው በሰው አገር ነበር። ግብፅን ማላዊ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በጊኒ ሞሮኮ ላይ 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከማላዊ ጋር ሞዛምቢክ ላይ ያለ ግብ ተለያየ። ከ9 ነጥብ 4 ብቻ ተገኘ። ከሜዳ ውጭ አሁንም ባዶ። ጊኒ በ10 ነጥብ አለፈች። የጊኒው ጨዋታ ውጤት ቢገለበጥና ማላዊም ብትሸነፍ ኖሮ ኢትዮጵያ 9፣ ጊኒ 7 ነጥብ ይኖራቸው ነበር። ነጥብ እንደ ገበያ ገንዘብ ነው፤ ከአንዱ ኪስ ሲወጣ ሌላው ኪስ ይገባል።

እርግጥ ግብፅ የተሸነፈችው ሊሎንግዌ ላይ ስለሆነ ሜዳ ብቻውን ሁሉን አይወስንም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠራው በአንድ ቀን ትርፍ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫው የተወሰደው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱትም ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 በመርታት ነው።

ኪሳራው በነጥብ አያበቃም። በሰው አገር ለሚደረግ «የሜዳ» ጨዋታ የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ወጪ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። የመግቢያ ትኬቱ፣ የሜዳ ዳር ማስታወቂያው፣ የሆቴሉ አልጋ፣ የታክሲው ምልልስ፣ የማሊያና የቆሎ ሻጩ ገቢ ሁሉ አብሮ ይቀራል። አንድ ጨዋታ ሲሰደድ አብሮት የሚሰደደው ገበያ ነው።

ውኃ ያልደረሰው ከተማ ባለበት አገር ለስታዲየም ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በየክልሉ በተጀመሩት ስታዲየሞች ላይ ገንዘቡ ቀድሞ ፈሷል። ያልተጠናቀቀ ስታዲየም ደግሞ ወለድ የማያስገኝ የታሰረ ካፒታል ነው። ስለዚህ የሚሻለው አዲስ መሠረት መጣል ሳይሆን ከተጀመሩት አንዱን መርጦ መብራቱን፣ የመልበሻ ክፍሉንና የተመልካች መቀመጫውን በካፍ መስፈርት ጨርሶ፣ የጥገና በጀቱን ለብቻ መመደብ ነው። አስተዳደሩም በግልጽ ጨረታ ለግል ባለሀብት ቢሰጥና ሒሳቡ በየዓመቱ ቢታተም፣ ሱቅና ማስታወቂያ የሚከራይ ነጋዴ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚከብደው ግንባታው ሳይሆን አያያዙ ነው። ባሕር ዳር የታገደችው ስታዲየም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። ባቲም ገበያዋን ያቆየችው ትልቅ ግንብ ስላላት ሳይሆን፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ሜዳዋ ለሻጭም ለገዢም ዝግጁ ሆኖ ስለሚጠብቅ ነው።