የተሻገረ ክሬዲት፣ ያልተቆጠረ ኮርስ

በአሜሪካ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ ከተቀባዩ ተቋም የሚደርሰው አንድ ሰነድ አለ፤ ቀድሞ የወሰዳቸው ኮርሶች ተዘርዝረው በትይዩ የዩኒቨርሲቲው ውሳኔ የሰፈረበት የክሬዲት ግምገማ ነው። ተማሪው የተግባቦትን፣ በተለምዶ ኮሙኒኬሽን የሚባለውን፣ መስክ የመረጠ እንደሆነ ሰነዱ በመጀመሪያ እይታ የምሥራች ሊመስል ይችላል። የአደባባይ ንግግር፣ 3 ክሬዲት፣ ተቀባይነት አግኝቷል። የሰው ለሰው ተግባቦት፣ 3 ክሬዲት፣ ተቀባይነት አግኝቷል። ችግሩ የሚገለጠው ኮርሶቹ በየትኛው ዓምድ እንደገቡ ሲታይ ነው። በዋናው የትምህርት መስክ ሥር ሳይሆን በምርጫ ኮርስ ሥር የተመዘገቡ ከሆነ ክሬዲቱ ተሻግሯል፤ ኮርሱ ግን አልተቆጠረም። ተማሪው በሦስተኛ ዓመቱ የመስኩን ኮርሶች ከመነሻው ይጀምራል።

ስለ ዝውውር የሚካሄደው የፖሊሲ ክርክር ትኩረቱን ያደረገው በጠፋ ክሬዲት ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው፤ ተደጋግሞ መጠቀሱም አይገርምም። ሆኖም የሚመለከተው ተቀባይ ተቋማት ጨርሶ ያልተቀበሏቸውን ክሬዲቶች ነው። በክብር ተቀብለው ጥግ ያስቀመጧቸው በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም።

እንዲህ ያለው ኪሳራ በየትኛውም መስክ ሊደርስ ቢችልም ተግባቦትን ይበልጥ ለዚህ የሚያጋልጠው የራሱ የትውልድ ታሪክ ነው። ካልኩለስ በየትም ተቋም ካልኩለስ ነው። ተግባቦት ግን በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ከተለያየ ቤት የመጡ እውቀቶች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1914 ደግሞ 17 የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተነጥለው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ዛሬ ብሔራዊ የተግባቦት ማኅበር የሚባለው እርሱ ነው። የመገናኛ ብዙኃንን ተጽዕኖ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘዴ የሚለኩ ምሁራን በኋላ ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ጨመሩ። ባለሁለት ዓመት ኮሌጆች ለሁሉም ተማሪ የሚሆን ጠቅላላ ትምህርት መስጠት አንዱ ተልእኳቸው በመሆኑ፣ ከሦስቱ አብልጠው የወረሱት የንግግሩን ቅርንጫፍ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሦስቱንም በየፊናቸው ያደራጃሉ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ የተግባቦት ትምህርት ክፍልና የጋዜጠኝነት ኮሌጅ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው፤ ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ በሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ግን ጋዜጠኝነት በተግባቦት ትምህርት ክፍል ጥላ ሥር ይሰጣል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ኮርስ የሚመርጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ነገ የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ይህን ሁሉ አስቀድሞ እንዲያመዛዝን ይጠበቅበታል።

ካሊፎርኒያ ለዚህ መፍትሔ በመፈለግ ረገድ ከብዙዎቹ ግዛቶች ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ለዝውውር ብቻ የተዘጋጀ የአሶሼት ዲግሪ አስገኘ። በተግባቦት ጥናት ይህን ዲግሪ በ60 ክሬዲት የሚያጠናቅቅ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ይረጋገጥለታል፤ በተመሳሳይ መስክ ከቀጠለም ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ሌላ 60 ክሬዲት ብቻ ነው። የአደባባይ ንግግር የዲግሪው ግዴታ ሲሆን፣ ክርክር፣ የሰው ለሰው ተግባቦትና የአነስተኛ ቡድን ተግባቦት በምርጫ ይከተሉታል። የሚረጋገጠው ቦታ ግን በሥርዓቱ ውስጥ እንጂ ተማሪው በሚመኘው ካምፓስ አይደለም፤ ሌላው ትልቅ ሥርዓት፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ሕግ አልታሰረም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ሕግ ለሁለቱም ሥርዓቶች አንድ የጠቅላላ ትምህርት መስፈርት እንዲዘጋጅ አዘዘ። በዚህም ቀድሞ የስቴት ዩኒቨርሲቲው ብቻ ይጠይቀው የነበረው የንግግር ተግባቦት ኮርስ የጋራ መስፈርት ሆነ። የመስኩ ሰዎች ይህን እንደ ድል ቆጥረውት ይሆናል። ነገር ግን ድሉ የራሱ አደጋ አለው፤ ኮርሱ ለሁሉም ተማሪ የሚሰጥ የጋራ አገልግሎት በሆነ ቁጥር የመስኩ መሠረት መሆኑ ይዘነጋል።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። ንድፈ ሐሳብና የምርምር ዘዴ የላይኛው እርከን ኮርሶች የቆሙባቸው ምሰሶዎች ናቸው፤ ስታቲስቲክስ ያልነካ ተማሪ የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖን የሚመረምር ሴሚናር ውስጥ ሲገባ የሚቸገረው እርሱ ራሱ ነው። ሥጋቱ ወደ ንግግር ኮርሶች ሲዛመት ግን ምክንያታዊነቱን ያጣል። በበርካታ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች መሠረታዊውን የንግግር ኮርስ የሚያስተምሩት የድኅረ ምረቃ ረዳቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ፊት የቆሙ የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። የዚህ ዓይነት መጽሔት አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በአንጻሩ መምህሩ በመስኩ ቢያንስ ማስተርስ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ሥራውም በዋናነት ማስተማር ነው።

ከመምህሩም በላይ ክፍሉ ራሱ አለ። የንግግር ትምህርት ማዕከላዊ ጽንሰ ሐሳብ የታዳሚ ትንተና ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሚሰማው፣ ሰሚው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚጠራጠር ሳይለይ አፉን መክፈት የለበትም። ተማሪዎቹ በዕድሜም በኑሮም በሚመሳሰሉበት ክፍል ይህ ልምምድ በአብዛኛው ምናባዊ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ ወጣት፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ የሆስፒታል ረዳት፣ ልጆቿን አድርሳ የተመለሰች እናትና እንግሊዝኛን በአዋቂነቱ የተማረ ስደተኛ በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ስለ ጤና መድን ንግግር የሚያቀርብ ተማሪ መድን የሌለው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተን ዙሪያ በሚገኙት በሞንትጎመሪ ኮሌጅና በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይማራሉ፤ እነርሱም ወደዚህ ክፍል ባዶ እጃቸውን አይመጡም። በግጥምና በፈሊጥ ታጅቦ በዳኛ ፊት ይካሄድ የነበረው የበላ ልበልሃ ሙግት ማስረጃን፣ ተጠየቅንና የሰሚን ስሜት አጣምሮ የመያዝ ጥበብ ነበር። የክርክር ኮርስ ይህን ቢያውቅ ይበለጽግበታል፤ ኮርሱን እንደ ማሟያ የሚቆጥር ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪው እዚያ ያዳበረውን ሁሉ አብሮ ይጥላል።

የኪሳራው ልክ በገንዘብም ሊታይ ይችላል። የፌዴራል ፔል ድጎማ ለአንድ ተማሪ በዕድሜ ልኩ የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሰሚስተር ያህል ብቻ ነው። በኮሌጅ በዝግታ የተጓዘ፣ እንግሊዝኛውን ለማጠናከር ተጨማሪ ኮርሶች የወሰደ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ከዚህ ጣሪያ ብዙውን ተጠቅሟል። የመግቢያ ኮርሶችን በሌላ ስም እንዲደግም ሲደረግ፣ የሚደግመው ለምረቃ ባቆየው ድጎማ ነው።

መፍትሔው በእጅ ላይ ያለ ነው። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የተሰኘ መርሐ ግብር፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ኮርስ እስከ ባችለር ዲግሪ ያለውን መንገድ አስቀድሞ እንዲያውቅና በአማካሪ እየታገዘ እንዲጓዝ ያደርጋል። ሜሪላንድም በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ የመንግሥት ተቋማት ክሬዲት ሲከለክሉ ምክንያታቸውን እንዲያሳውቁ አዛለች። ይሁን እንጂ ክሬዲቱን ተቀብሎ በምርጫ ኮርስ ሥር ያስቀመጠ ተቋም «አልከለከልኩም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የጽሑፍ ምክንያት ሊጠየቅ የሚገባው በክልከላው ብቻ ሳይሆን በአመዳደቡም ላይ ነው። የአደባባይ ንግግር፣ የክርክር፣ የሰው ለሰውና የአነስተኛ ቡድን ተግባቦት ኮርሶች በቀጥታ ወደ ዋናው መስክ ይቆጠሩ፤ ይህን የማይቀበል ትምህርት ክፍል ከኮርሱ የጎደለውን የትምህርት ውጤት ለይቶ ይጻፍ። ለምርምር ዘዴ ኮርስ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማዘጋጀት አያስቸግርም። ለአደባባይ ንግግር ግን የጎደለው ምን እንደሆነ ጽፎ ማስረዳት፣ በዚያው ትምህርት ክፍል ኮርሱን የሚያስተምሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መሆናቸው እየታወቀ፣ ቀላል አይሆንም።