የኦኖ ቆላ ግብዣ

ስለ ሐሳብ መበተን በተነሳ ቁጥር ጥፋቱ የሚደፈደፈው ስልክ ላይ ነው። ቴሌግራሙ፣ ቲክቶኩ፣ ዩቲዩቡ ጊዜያችንን በላው እንላለን፤ መፍትሔ ብለን የምናቀርበውም መተግበሪያውን ማጥፋት ነው። ሳምንት ሳይሞላው ለምን መልሰን እንደምንጭነው ግን ብዙም አንጠይቅም። እኔ እንደማምነው ችግሩ የሚጀምረው ስልኩን ከማንሳታችን በፊት ነው። በዚያች ሰዓት ልንሠራው የሚገባን ነገር ቀድሞ ካልተለየ፣ ደጃችንን ያንኳኳ ሁሉ ይዞን ይሄዳል። ስልኩን ብናስወግደው እንኳ ሌላ የሚወስደን አናጣም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን አጥርቶ የሚያሳይ ሰው ማን ነው ብባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ነህምያ ነው።

ነህምያ መነኩሴ አልነበረም፤ ከዓለም ርቆ በበረሃም አልኖረም። በሱሳ ግንብ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ፣ ኋላም የይሁዳ አገረ ገዢ ነበር። የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን አሠርቶ መጨረሱ በየስብከቱ ይነገራል። ከ52ቱ ቀን በፊት የነበረው ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የቅጥሩን መፍረስ የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ጉዳዩን ለንጉሡ ያቀረበው በኒሳን። በመካከሉ አራት ወር ገደማ አለ። መጽሐፉ ያን ጊዜ የሚጀምረው በልቅሶ፣ በጾምና በጸሎት ነው። ንጉሡ የሚፈልገውን ሲጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት፣ ለማን ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው፣ ለበሮቹ እንጨት ከየት እንደሚያገኝ ሳይቀር ተዘጋጅቶ መለሰ። ኋላ ላይ እንቢ ማለት የቻለው በተፈጥሮው ብርቱ ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ እሺ ያለውን ነገር በጸሎት አስቀድሞ ስለጨረሰ ነው።

ቅጥሩ አልቆ የበሮቹ ሳንቃ ብቻ ሲቀር የቅጥሩን ሥራ የሚቃወሙት ሰንባላጥና ጌሳም መልእክት ላኩበት። መልእክቱ ዛቻ አልነበረበትም፤ በኦኖ ቆላ ከሚገኙት መንደሮች በአንዱ እንገናኝ የሚል ጨዋ ግብዣ ነበር። ኦኖ ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ሎድ አጠገብ ነው፤ ሥራ ለያዘ ሰው ደርሶ መመለሱ ብቻ ቀናት ያባክናል። አራት ጊዜ ጠሩት። አራት ጊዜም የያዘው ሥራ ታላቅ ስለሆነ ትቶት ሊወርድ እንደማይችል ያንኑ መልስ ሰጠ። አዲስ ሰበብ አልፈለገም፣ መልሱንም አላሳመረም። እኛ የምንሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ጥሪ እንቢ እንልና በአራተኛው እንወርዳለን፤ በእያንዳንዱ ጥሪ ከራሳችን ጋር አዲስ ክርክር ስለምንከፍት ደክመን እንረታለን።

አምስተኛው መልእክት ከሁሉም ይከፋል። የሰንባላጥ ብላቴና ማኅተም የሌለበት ክፍት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ክፍት ደብዳቤ ለተቀባዩ ብቻ አይጻፍም፤ ተሸካሚውም፣ በመንገድ ያገኘውም ያነበዋል። ነህምያ ሊያምፅና ሊነግሥ አስቧል፣ ይህም በአሕዛብ ዘንድ ተወርቷል፣ ጌሳምም መስክሯል ይላል። ወሬው፣ ምስክሩ፣ ማስፈራሪያው ሁሉ ተሟልቷል። ዛሬ ስልካችን ላይ ሲዘንብ የሚውለው አብዛኛው ነገር ይኸው ክፍት ደብዳቤ ነው፤ እገሌ ስለ እገሌ እንዲህ አለ፣ ተብሏል፣ ተሰምቷል። ነህምያ ውሸቱን በአጭሩ ካደ፤ ከልብህ የፈጠርከው ነው ብሎ መለሰለትና እጁን እንዲያበረታለት ወደ አምላኩ ጸለየ። ስሙ የጠፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያስረዳ ቢውል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ ወደ ግንቡ ተመለሰ። በየኮሜንቱ ሥር እስከ እኩለ ሌሊት የሚሟገተው ወገናችን፣ ያውም ለእውነት ስል ነው እያለ፣ ይህን ምዕራፍ ቢያነብልኝ እመኛለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ መንፈሳዊ ልብስ ለብሶ ነው። ሸማያ የተባለ ሰው ሊገድሉህ ነውና በቤተ መቅደስ ውስጥ እንደበቅ ሲል መከረው፤ ነህምያ ግን ሰውየው በሰንባላጥና በተባባሪው በጦብያ የተገዛ መሆኑን ተረዳ። ለአማኝ ከባዱ ፈተና ይህኛው ነው። እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ዲያቆኑ ሕዝቡን ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ብሎ ሲያዝ የአንዱ ስልክ ነጠላው ሥር ይርገበገባል፤ የሌላው ደግሞ ቅዳሴውን ለመቅረጽ ከሰው ራስ በላይ ይነሳል። የመጀመሪያው ቢያንስ ያፍራል። ሁለተኛው እያገለገለ ይመስለዋል። ማታም ከአንዱ አጭር ስብከት ወደ ሌላው ሲያልፍ ያመሻል፤ ዳዊቱን ሳይደግም፣ መጽሐፉን ሳይገልጥ ይተኛል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሥራ ይዣለሁ የሚል ሰው በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ፣ ታማሚ የማይጠይቅ፣ ልቡ የደነደነ ሰው ይሆናል የሚል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ላይ የወደቀውን አይቶ ገለል ብሎ ያለፈው ካህንም ሥራ ነበረው ይባል ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱም እዚያው ነህምያ ውስጥ አለ። ሥራው በተፋፋመበት ወቅት ድሆች ጮኹ፤ በረሀቡ ለእህል ብለው እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው፣ ለንጉሡ ግብር ተበድረው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተው ነበር። ነህምያ ቅጥር ላይ ነኝ አላላቸውም። ተቆጣ፣ መኳንንቱንና ሹማምቱን ገሠጸ፣ ትልቅ ጉባኤ ጠርቶ የተወሰደባቸውን እንዲመልሱላቸው አስማለ። ለሰንባላጥ ግብዣ ያልወረደው ሰው ለተበዳዩ ጩኸት ጉባኤ ጠራ። ቅጥሩ የሚሠራው ለእነዚሁ ሰዎች ነውና ጩኸታቸው የሥራው ክፍል ነበር። ጌታም ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሲሄድ በመንገድ ለነካችው ሴት ቆሟል። በዚህ መለኪያ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እናት ሥራዋን ጨርሳ በሌሊት ለልጆቿ የምትደውለው ስልክ የኦኖ ግብዣ አይደለም፤ የራይድ ሾፌሩም ጥሪ እንጀራው ነው።

ሌላው ተቃውሞ እምነት ምን ይረዳል፣ መተግበሪያዎቹ እኮ ሰውን እንዲይዙ ታስበው ነው የተሠሩት የሚል ነው። እውነት ነው። ማብቂያ የሌለውን የገጽ ጥቅለላ በ2006 የነደፈው አሜሪካዊው ኤዛ ራስኪን ራሱ በኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ነገር ግን ይህ ለእኔ ሐሳብ ማስረጃ ይሆናል፤ የየሰዓቱ ፈቃድ ብቻውን አይችለውማ። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ነው ሰዓትን ለስሜት ያልተወችው። ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ ጿሚ ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው ብሎ አይማከርም፤ ቀኑ ራሱ ወስኖለታል። ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ያሉት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያትም እንዲሁ ናቸው። ሙስሊም ወገኖቻችን በአዛን ድምፅ ንግዳቸውን አቋርጠው ሲነሱ የምናየውም ያንኑ ኃይል ነው። ይህ ለመነኩሴ ብቻ የሚቻል እንዳይመስል ዳንኤል አለ። በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ሆኖ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ የሞት አዋጅ ሲወጣም የሠራው አዲስ ነገር የለም፤ ቀድሞ ያደርግ የነበረውን አደረገ።

ቅጥሩ ካለቀ በኋላም ደብዳቤው አልቆመም። የይሁዳ ታላላቆች ከጦብያ ጋር ይጻጻፉ ነበር፤ ጦብያም ነህምያን ለማስፈራራት መላኩን ቀጠለ። ስለዚህ ነህምያ በረኞችን ሾመ፤ ፀሐይ ሳይሞቅ በሮቹ እንዳይከፈቱ አዘዘ፤ ነዋሪውም እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር እንዲጠብቅ አደረገ። የጠዋት ጸሎት ሳይደርስ የማንም ስልክ እንዳይከፈት ተስማምተው የሚያድሩ ቤተሰቦች ይህንኑ ትእዛዝ እየፈጸሙ ነው። ስምምነቱ መጀመር ያለበት ግን ከአባትና ከእናት ነው፤ ልጁን ስልክ ነጥቆ ራሱ አልጋው ላይ ዜና የሚያስስ አባት በር ጠባቂ ሊባል አይችልም።